መቆምም ትእዛዝ ነው፦ የውድድር ሮቦቶችን ሞተር በ«ያዥ» እና በ«ልቅ» ሁነታ መካከል ስለ መቀያየር

አስተያየት

በአገራችን የምህንድስና ትምህርት ክፍሎች የሚሠሩ የተማሪ ሮቦቶች በአብዛኛው የሚመዘኑት በመንቀሳቀሳቸው ነው። መስመር ተከትሎ የሄደ፣ እንቅፋት አይቶ የታጠፈ፣ ዕቃ አንሥቶ በቦታው ያስቀመጠ ሮቦት ጭብጨባ ያገኛል፤ እንዴት እንደቆመ የሚጠይቅ ገምጋሚ ግን ጥቂት ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚሟገተው ለዚያ ላልተጠየቀ ጥያቄ ነው። ሞተር «ዜሮ» ተብሎ ሲታዘዝ ምን ማድረግ እንዳለበት መወሰን ከንድፉ ዋና ዋና ውሳኔዎች አንዱ ነው። ውሳኔውም አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚረሳ ሳይሆን ሮቦቱ ካለበት ሁኔታ ጋር አብሮ መለዋወጥ የሚገባው ነው የሚል አቋም አለኝ።

ነገሩ ለሾፌር እንግዳ አይደለም። ከጉራጌ ተራሮች ወደ ቡታጅራ ቁልቁል የሚወርድ የጭነት መኪና ሾፌር ሁለት አማራጭ አለው። ማርሹን ባዶ አድርጎ መኪናው በራሱ ክብደት እንዲንደረደር ሊለቀው ይችላል፤ ወይም ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው ሊያደርግ ይችላል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል የመጀመሪያውን የመረጠ ሾፌር መጨረሻው ምን ሊሆን እንደሚችል በዚያ መንገድ የተጓዘ ሁሉ ያውቃል። በሌላ በኩል በሜዳ ላይ ለአጭር ርቀት በባዶ ማርሽ መንሸራተት ጉዳት የለውም። ትክክለኛው ምርጫ የሚወሰነው በመንገዱ እንጂ በሾፌሩ ልማድ አይደለም። የሮቦት ሞተር መቆጣጠሪያም በዚያው ዓይነት ምርጫ ፊት ይቆማል፤ አንደኛው አማራጭ በተለምዶ ብሬክ፣ ሁለተኛው ኮስት ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ለአገላለጽ እንዲመች የመጀመሪያውን «ያዥ ሁነታ»፣ ሁለተኛውን «ልቅ ሁነታ» እንላቸዋለን።

የሁለቱ ሁነታዎች ባሕርይ

የቀጥታ ጅረት ሞተር በአራት ማብሪያዎች በተሠራ ድልድይ፣ ማለትም በኤች-ብሪጅ፣ ይነዳል። በልቅ ሁነታ አራቱም ማብሪያዎች ይከፈታሉ፤ የሞተሩ ሁለት ጫፎች ከምንም ጋር ሳይገናኙ ይቀራሉ፤ የሚያቆመው ሰበቃ ብቻ ይሆናል። በያዥ ሁነታ ግን ሁለቱ ጫፎች በታችኞቹ ወይም በላይኞቹ ማብሪያዎች በኩል እርስ በርስ ይገናኛሉ። የሚሽከረከር ሞተር ጄኔሬተርም ስለሆነ የሚያመነጨው ተቃራኒ ቮልቴጅ በራሱ ጥቅል ሽቦ ውስጥ ጅረት ያዞራል፤ ያ ጅረት የሚፈጥረው ቶርክ ደግሞ ሽክርክሪቱን ይቃወማል።

ከዚህ ቀላል ሥዕል አራት ፍሬ ነገሮች ይከተላሉ፤ አራቱም በተማሪዎች ንድፍ ውስጥ በቀላሉ የሚዘነጉ ናቸው።

አንደኛ፣ የማቆሚያው ቶርክ ከፍጥነቱ ጋር ይመጣጠናል። ሞተሩ በፈጣን ዙር ላይ ሳለ ኃይለኛ ሆኖ ይጀምራል፤ ዙሩ ሲቀንስ እየደከመ ይሄዳል፤ ዙሩ ዜሮ ሲሆን እርሱም ዜሮ ይሆናል። ስለዚህ ያዥ ሁነታ እንቅስቃሴን ይቃወማል እንጂ የቆመን ነገር አንቆ አይዝም። የተንጠለጠለ ክንድ በያዥ ሁነታ ላይ ሲሆን ቀስ እያለ ይወርዳል እንጂ ባለበት አይቀርም።

ሁለተኛ፣ የማርሽ ሳጥኑ ውጤቱን በካሬ ያባዛዋል። የማርሹ ምጥጥን በእጥፍ ሲጨምር በመውጫው ዘንግ ላይ ለተመሳሳይ ፍጥነት የሚገኘው ማቆሚያ ቶርክ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ሞተሩ በእጥፍ ፍጥነት ይዞራልና፣ የሚፈጥረውም ቶርክ እንደገና በእጥፍ ይባዛልና። አንድ ዓይነት ሞተር በአንዱ ሮቦት ላይ ለስላሳ ብሬክ፣ በሌላው ላይ ጥርስ ሰባሪ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛ፣ የመጀመሪያው ቅጽበት ከባድ ነው። በአሜሪካ የተማሪዎች ውድድር ለዘመናት ያገለገለውን ሲም የተባለውን ሞተር እንውሰድ። በ12 ቮልት ባዶውን በደቂቃ ወደ 5,330 ዙር ይሽከረከራል፤ ተይዞ ሲቆም 131 አምፔር ይስባል። ከዚህ የሚገኘው የውስጥ ሙግደት ወደ 0.09 ኦም ነው። ይህ ሞተር በሙሉ ዙር ላይ እያለ ጫፎቹ ቢገናኙ፣ የሽቦውንና የመቆጣጠሪያውን ሙግደት ወደ ጎን ብንተው፣ በመጀመሪያው ቅጽበት ወደ 130 አምፔር የሚጠጋ ጅረት ይዞራል። ጅረቱ በሞተሩና በድልድዩ መካከል ብቻ ስለሚዞር በባትሪው መስመር ላይ ያለው ፊውዝ አያየውም፤ ስለዚህም ሊከላከለው አይችልም።

አራተኛ፣ ያዥ ሁነታ የሚኖረው መቆጣጠሪያው ኃይል እስካለው ድረስ ነው። ማብሪያዎቹን ዘግቶ የሚያቆያቸው የመቆጣጠሪያው የራሱ ኤሌክትሪክ ነው፤ ዋናው ማብሪያ ሲጠፋ ወይም ባትሪው ሲነቀል ብሬኩም አብሮ ይጠፋል። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለሳለን፤ ከአራቱ ሁሉ ለአገራችን ሁኔታ የሚቀርበው እርሱ ነውና።

በእጃችን ያለው ድልድይ

ከላይ የተጠቀሰው ሞተር በአብዛኞቹ ቤተ ሙከራዎቻችን ውስጥ አይገኝም፤ ኤል298ኤን የተባለው ድልድይ ግን ከአርዱዊኖ ጋር ተጣምሮ በየተማሪው ጠረጴዛ ላይ አለ። ይህ ርካሽ ክፍል ሁለቱንም ሁነታዎች ይሰጣል። «ኢነብል» የተባለው እግሩ ዝቅ ሲል ሞተሩ ይለቀቃል፤ ይኸው እግር ከፍ ብሎ ሁለቱ የአቅጣጫ እግሮች እኩል ሲሆኑ፣ ሁለቱም ከፍ ወይም ሁለቱም ዝቅ ሲሉ፣ ሞተሩ ይያዛል። ልዩነቱ የአንድ መስመር ኮድ ነው። ተማሪው ግን በብዛት ከሌላ ሰው የተቀዳ ኮድ ስለሚጠቀም የትኛውን እንደመረጠ ሳያውቀው ሊያልፍ ይችላል።

ምርጫው የሚነካው ማቆምን ብቻ አይደለም። የፍጥነት ማስተካከያው ምት፣ ማለትም ፒደብሊውኤም፣ በኢነብል እግር ላይ ሲሰጥ በእያንዳንዱ ምት የጠፋ ክፍል ውስጥ ሞተሩ ልቅ ይሆናል። ምቱ በአቅጣጫ እግሩ ላይ ሲሰጥና ኢነብል ከፍ ብሎ ሲቆይ ግን በጠፋው ክፍል ውስጥ ሞተሩ ይያዛል። በመጀመሪያው አሠራር፣ በተለይ ጭነቱ ቀላል ሲሆን፣ በሁለቱ ምቶች መካከል ጅረቱ ይቋረጣል፤ ፍጥነቱም ከትእዛዙ ጋር አይመጣጠንም፤ ጥቂት በመቶ ምት ሞተሩን ወደ ከፍተኛ ዙር ያወጣዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ጭማሪ ብዙም ለውጥ አያመጣም። በሁለተኛው አሠራር ፍጥነቱ ከትእዛዙ ጋር በቀጥተኛ መስመር የሚቀራረብ ግንኙነት ይኖረዋል። የአርዱዊኖ ኡኖ ምት በአብዛኞቹ እግሮች ላይ በሰከንድ 490 ጊዜ ያህል ብቻ መሆኑ ልዩነቱን ያጎላዋል። የፒአይዲ ቁጥሮችን ለማስተካከል ሳምንታት የሚያሳልፍ ተመራቂ ተማሪ በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ምቱ በየትኛው እግር ላይ እንዳለ ነው።

ኤል298ኤን የራሱ ድክመትም አለው። የተሠራው ከባይፖላር ትራንዚስተሮች በመሆኑ በያዥ ሁነታ የሚዞረው ጅረት በአንድ በኩል በትራንዚስተር፣ በሌላ በኩል በዳዮድ ያልፋል፤ በሁለቱ ላይ ተደምሮ ወደ 2 ቮልት የሚጠጋ ይጠፋል። የሞተሩ ተቃራኒ ቮልቴጅ ከዚህ በታች ሲወርድ ብሬኩ የለም ማለት ነው። በሞስፌት የተሠሩ ድልድዮች ይህ ገደብ የለባቸውም። በ6 ቮልት በሚሠራ ትንሽ ሞተር ላይ 2 ቮልት የፍጥነቱ አንድ ሦስተኛ ስለሆነ፣ ሮቦቱ የመጨረሻዋን ጥቂት ርቀት የሚሄደው በልቅ ሁነታ እንደሚሄድ ሆኖ ነው።

ብዙ ተማሪዎች ሮቦታቸው በቶሎ አልቆም ሲላቸው ለአንድ አፍታ ወደ ኋላ እንዲዞር ያዙታል። ይህ መፍትሔ ከሁለቱም ሁነታዎች የከፋ ነው። በዚያ ቅጽበት የባትሪው ቮልቴጅና የሞተሩ ተቃራኒ ቮልቴጅ ይደመራሉና ጅረቱ ሞተሩ ተይዞ ሲቆም ከሚስበው ሁለት እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ተይዞ ሲቆም 1.5 አምፔር የሚስብ ሞተር ወደ 3 አምፔር ይጠጋል፤ የኤል298ኤን የዘለቄታ አቅም ግን በአንድ ሞተር 2 አምፔር ነው። ድልድዩ ሲቃጠል ጥፋቱ በዕቃው ጥራት ላይ ይጣላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የተሳሳተው ትእዛዙ ነው።

አንድ ቋሚ ምርጫ ለምን አይበቃም

በዲን ኬመን እ.ኤ.አ. በ1989 የተመሠረተው ፈርስት የተባለው ድርጅት የሮቦት ውድድሩን በ1992 ከጀመረ ወዲህ የዚህ ጥያቄ ሰፊ ቤተ ሙከራ ሆኗል። ከ50 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝኑ የሚችሉ ሮቦቶች ለሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል በአንድ ሜዳ ላይ ይጋፋሉ፤ መጀመሪያ በራሳቸው፣ ቀጥሎ በተማሪ አሽከርካሪዎች እየተመሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋሽንግተን ላይ የተጀመረው ፈርስት ግሎባል ደግሞ ከየአገሩ አንድ ቡድን እየጋበዘ ይኸንኑ ጨዋታ ለመላው ዓለም ወጣቶች ከፍቷል። በእነዚህ ውድድሮች ላይ የሚሳተፍ አንድ ሮቦት ብዙ ሞተሮች አሉት፤ የእያንዳንዱ ሞተር ሥራ ደግሞ የተለያየ ነው።

የመንጃ ጎማዎች በጨዋታ ጊዜ ያዥ ሁነታ ይስማማቸዋል፤ አሽከርካሪው እጁን ከመምሪያው ሲያነሣ ሮቦቱ በታሰበበት ቦታ ይቆማል፤ ሌላ ሮቦት ሲገፋውም በቀላሉ አይነዳም። ጨዋታው ሲያልቅ ግን ይኸው ባሕርይ ሸክም ይሆናል፤ ያን የሚያህል ብረት ከሜዳ የሚያወጡ ተማሪዎች የተያዘ ጎማ ሲጎትቱ ወገባቸውንም የሮቦቱንም ማርሽ ይጎዳሉ።

የወርዋሪ ጎማዎች ተቃራኒ ናቸው። 10 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ያለው 1 ኪሎ ግራም ክብ ሰሌዳ በደቂቃ 4,000 ዙር ሲሽከረከር ወደ 440 ጁል ጉልበት ይይዛል። 50 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሮቦት በሰከንድ 4 ሜትር ሲሮጥ ያለው የእንቅስቃሴ ጉልበት 400 ጁል ነው። ያቺ ትንሽ ሰሌዳ ከሮጠው ሮቦት የሚበልጥ ጉልበት ተሸክማለች ማለት ነው። በያዥ ሁነታ ማቆም ይህን ሁሉ ጉልበት በአጭር ጊዜ ወደ ሞተሩ ጥቅል ሽቦ ሙቀት መለወጥ፣ ቀበቶውንም በተቃራኒ አቅጣጫ መሳብ ነው፤ ከዚያም ለሚቀጥለው ውርወራ ከዜሮ መነሣት። በልቅ ሁነታ ግን ሰሌዳዋ በግዕዘቷ እየዞረች ትቆያለች።

ክንድና ማንሻ በጨዋታ ጊዜ ያዥ ሁነታ ያስፈልጋቸዋል፤ ለጥገና በሚመቻቹበት ጊዜ ግን በእጅ መንቀሳቀስ አለባቸው። ወደ ብረት ዘንግ ወጥቶ የሚንጠለጠል ሮቦት ጉዳይ ከሁሉ ይጠጥራል፤ ጊዜው አልቆ ሮቦቱ ከትእዛዝ ውጭ ሲሆን ወዲያውኑ ወደ ልቅ ሁነታ የሚቀይር ኮድ ሮቦቱን ዳኞች ነጥብ ከመቁጠራቸው በፊት መሬት ላይ ሊጥለው ይችላል፤ ከሥሩ ሰው ካለም በሰው ላይ።

ቁመት ያለው ሮቦት ሌላ አደጋ አለው። የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 25 ሴንቲ ሜትር፣ ከፊት ጎማው ደግሞ 15 ሴንቲ ሜትር ርቆ ከሆነ፣ ከመሬት ስበት ሽምጠጣ 0.6 እጥፍ በላይ የሆነ አቋቋም ወደ ፊት ይደፋዋል። ጥሩ የጎማ ላስቲክ በምንጣፍ ላይ ከዚህ የበለጠ መያዝ ይችላል። ስለዚህ በሙሉ ፍጥነት ላይ እያለ በድንገት ወደ ያዥ ሁነታ የገባ ሮቦት ሊገለበጥ ይችላል፤ ለእርሱ የሚስማማው ፍጥነቱን በትእዛዝ ቀስ በቀስ ማውረድና ያዥ ሁነታን ለመጨረሻው ጥቂት ፍጥነት ማቆየት ነው።

መቀያየር በሥርዓት

መቀያየር ያስፈልጋል ማለት እንደ ልብ ይቀያየር ማለት አይደለም። የተለመዱት የሞተር መቆጣጠሪያዎች፣ እንደ ታሎን ኤስአርኤክስ እና ስፓርክ ማክስ ያሉት፣ ሁነታቸውን በካን መስመር በሚላክ ትእዛዝ ይለውጣሉ። የሮቦቱ ዋና ኮድ ብዙውን ጊዜ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ ይደጋገማል፤ ሁነታን በየድግግሞሹ መላክ መስመሩን በከንቱ ያጨናንቃል። ትእዛዙ መላክ ያለበት ሁኔታው በተለወጠበት ቅጽበት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የሁነታውን ምርጫ በየጊዜው ወደ ቋሚ ማኅደረ ትውስታ መጻፍም ተገቢ አይደለም፤ የዚያ ማኅደር የመጻፊያ ዕድሜ የተወሰነ ነውና። በቋሚነት ሊቀመጥ የሚገባው አንድ ነገር ነው፦ መቆጣጠሪያው በጨዋታ መካከል በቮልቴጅ መውረድ ምክንያት ተቋርጦ ቢነሣ ሊገኝበት የሚገባው ሁነታ። ለማንሻ ያዥ፣ ለወርዋሪ ልቅ።

ጊዜም አብሮ መታሰብ አለበት። ሮቦቱ ከትእዛዝ ውጭ እንደሆነ ወዲያውኑ መልቀቅ ስሕተት ነው፤ እየሮጠ ያለውን ሮቦት በራሱ ግዕዘት እንዲሄድ መፍቀድ ነውና። የተሻለው አሠራር መጀመሪያ ይዞ ማቆም፣ ከዚያ ጥቂት ሰከንዶች ጠብቆ ጎማዎቹን መልቀቅ ነው፤ በሰፊው ከሚሠራባቸው የኮድ አብነቶች መካከል ለዚህ 10 ሰከንድ የሚሰጥ አለ። የማንሻና የመንጠልጠያ ሞተሮች ግን በሰዓት ቆጣሪ መለቀቅ የለባቸውም፤ ሰው ቀርቦ፣ አይቶ፣ ሸክሙን ደግፎ በሚጫነው ቁልፍ ብቻ ይለቀቁ።

ሦስተኛው ሥርዓት የአንድነት ነው። በአንድ ማርሽ ሳጥን ላይ ከተገጠሙ ሁለት ሞተሮች አንዱ ያዥ፣ ሌላው ልቅ ቢሆን ብሬኩ ግማሽ ይሆናል፤ ሙቀቱም በአንዱ ላይ ብቻ ይወድቃል። የግራው ጎማ ያዥ፣ የቀኙ ልቅ ቢሆን ሮቦቱ በቆመ ቁጥር ወደ ግራ ይታጠፋል። ይህ ችግር የተቃጠለ መቆጣጠሪያ በውድድር መካከል በአዲስ ሲተካ በቀላሉ ይገባል፤ አዲሱ ከፋብሪካ የመጣበትን ሁነታ ይዞ ይመጣልና። ተማሪዎች ጎማውንና የመንጃ ኮዱን ሲፈትሹ ይውላሉ፤ ምክንያቱ ግን ማንም ያልጠየቀው «ዜሮ» ውስጥ ተቀምጧል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

በመጀመሪያ «ሁሉንም ያዥ አድርጎ መተው ቀላል ነው፤ ኮድ በበዛ ቁጥር ስሕተት ይበዛል» የሚል ክርክር አለ። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ለሁለት ኪሎ ግራም መስመር ተከታይ ሮቦት ትክክል ነው። ከዚያ ሮቦት አልፎ የሚሄድ ንድፍ ግን ቀላልነትን የሚያገኘው ውሳኔውን በመሸሽ ሳይሆን በአንድ ቦታ ጽፎ በማስቀመጥ ነው። የሮቦቱን ሁኔታዎች በአንድ ወገን፣ ሞተሮቹን በሌላ ወገን ያሰለፈ አንድ ሠንጠረዥ ከአሥር የተበታተኑ መስመሮች ይልቅ ስሕተትን ይቀንሳል።

ሁለተኛው «በሴንሰር የታገዘ የቦታ ቁጥጥር ካለ ሁለቱም ሁነታዎች አያስፈልጉም» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ክንድን በቦታው በትክክል የሚይዘው በኢንኮደር የሚመራ ቁጥጥር ነው። ነገር ግን ያ ቁጥጥር ሸክሙን የሚይዘው ከባትሪ ጅረት እየሳበ፣ ያልዞረ ሞተርን እያሞቀ ነው፤ ያዥ ሁነታ ግን ከባትሪው ለሞተሩ ምንም አይወስድም። ከዚህም በላይ ኢንኮደሩ ሲነቀል ወይም ኮዱ ሲቆም የሚቀረው ያ «ዜሮ» ነው። ከፍተኛው ቁጥጥር ሲወድቅ በምን ላይ እንደሚወድቅ ማሰብ የንድፉ አካል ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነው፦ «ይህ የሀብታም አገሮች ተማሪዎች ጨዋታ ነው፤ ለእኛ ምን ይረባናል?» ለዚህ መልስ ለመስጠት ከውድድር ሜዳው መውጣት ያስፈልጋል።

ከሜዳው ወደ ቆሼ

ቆሼ የማረቆ ከተማ ናት፤ ማረቆም በበርበሬው የታወቀ አገር ነው። በርበሬ ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይቀነጠሳል፣ ይፈጫል። ወፍጮ ቤት የገባ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፦ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ወፍጮው ወዲያው አይቆምም። ይህ ልቅ ሁነታ ነው፤ እንደ ወርዋሪዋ ሰሌዳ በግዕዘቱ ይዞራል። ልምድ ያለው ወፍጮ ፈጪ ድምፁ እስኪሞት ይጠብቃል እንጂ እጁን አይሰድም። ልምድ የሌለው ግን «ጠፍቷል» የሚለውን ቃል «ቆሟል» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል።

አሁን በዚያው ከተማ አንድ የዩኒቨርሲቲያችን ምሩቅ የበርበሬ ጆንያ ወደ መጋዘን የሚያነሣ ትንሽ ማንሻ ወይም ተዳፋት ማመላለሻ ሠራ እንበል። ቤተ ሙከራ ውስጥ በተማረው መሠረት ሞተሩን በያዥ ሁነታ አዘጋጀው፤ ሲሞክረው ጆንያው ባለበት ቀረ፤ የማርሹ ሰበቃ አግዞታልና። በሥራ ላይ ሳለ መብራት ጠፋ። መቆጣጠሪያው ኃይል አጣ፤ ማብሪያዎቹ ተከፈቱ፤ ያዥ የነበረው ልቅ ሆነ፤ ጆንያው ቁልቁል መጣ። በዚያ ሥር የቆመው ሰው የሮቦት ውድድር ሰምቶ አያውቅም፤ ጉዳቱ ግን የሚደርሰው በእርሱ ላይ ነው። መብራት መጥፋት የዘወትር ክስተት በሆነበት ቦታ በኮድ ላይ ብቻ የተመሠረተ ብሬክ ብሬክ አይደለም። ለሚንጠለጠል ሸክም ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በስፕሪንግ የሚዘጋ ሜካኒካዊ ብሬክ ወይም ወደ ኋላ የማይመለስ የማርሽ ዓይነት ያስፈልጋል። የውድድር ሮቦት ይህን ትምህርት በርካሽ ያስተምራል፤ በወደቀ ክንድና በጠፋ ነጥብ።

ጉዳዩ ከማንሻም ያልፋል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ይፋ ካደረገ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በመንገዶቻችን ላይ በርክተዋል። የእነዚህ መኪኖች ሞተር አሽከርካሪው እግሩን ከፔዳሉ ሲያነሣ ምን ያድርግ? ይንሸራተት ወይስ ይያዝ? ቢያዝስ ጉልበቱ በጥቅል ሽቦው ውስጥ ይቃጠል ወይስ ወደ ባትሪው ይመለስ? ባትሪው ሞልቶ መቀበል ሲያቅተውስ? ጥያቄው በአርዱዊኖ ጠረጴዛ ላይ ከተነሣው ጋር በመሠረቱ አንድ ነው፤ የተለወጠው መጠኑ ነው። እነዚህን መኪኖች ነገ የሚጠግኑት፣ ምናልባትም የሚገጣጥሙት፣ ዛሬ በወልቂጤም ሆነ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ድልድይ የሚያቃጥሉት ተማሪዎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ሶፊያ የተባለችው ሮቦት አዲስ አበባ በመጣች ጊዜ መነጋገሪያ የሆነው ንግግሯ ነበር፤ በ2013 የተመሠረተው አይኮግ ላብስ በሶፍትዌሯ ላይ ድርሻ የነበረው መሆኑም ተገቢ ኩራት ሆኗል። የሚናገር ማሽን ሰውን ይማርካል። የሚያምኑት ማሽን ግን በመጀመሪያ በሥርዓት የሚቆም መሆን አለበት።

ምክረ ሐሳብ

ከላይ ከተነሡት ነጥቦች በመነሣት ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ፤ ሦስቱም አዲስ በጀት አይጠይቁም።

የመጀመሪያው ለገምጋሚዎች ነው። ሞተር ያለበት ማንኛውም የምረቃ ፕሮጀክት «የመቆም ሠንጠረዥ» እንዲያቀርብ ይጠየቅ፤ ለእያንዳንዱ ሞተር በሥራ ላይ፣ ከትእዛዝ ውጭ፣ በጥገና ጊዜና ኃይል ሲቋረጥ ምን እንደሚያደርግ በአንድ ገጽ የሚያሳይ። አራተኛው ዓምድ፣ የኃይል መቋረጡ፣ ባዶ የሆነበት ፕሮጀክት ያልተጠናቀቀ ሆኖ ይቆጠር።

ሁለተኛው ለቤተ ሙከራ አስተማሪዎች ነው። አንድ ሞተር፣ አንድ ኤል298ኤን፣ አንድ ኢንኮደርና አንድ አርዱዊኖ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃሉ። ተማሪው ሞተሩን ከአንድ ዓይነት ፍጥነት ተነሥቶ በልቅ፣ በያዥና ኃይሉን በመንቀል ያቁመው፤ ሦስቱን የፍጥነት መስመሮች በአንድ ሠሌዳ ላይ ይሣላቸው። በያዥ ሁነታ መስመሩ መጀመሪያ በፍጥነት ሲወርድ፣ ቀጥሎ ዳዮዱና ትራንዚስተሩ በሚወስዱት ቮልቴጅ አጠገብ ሲለዝብ ይታያል፤ ኃይሉ የተነቀለበት መስመር ደግሞ የልቁን ሲመስል ይታያል። ከዚያ በኋላ ስለ ኤች-ብሪጅ የሚሰጠው ገለጻ አጭር ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ነው። የቮልቴጅ መዋዠቅና የኃይል መቋረጥ በሚደጋገምበት ሥፍራ ትናንሽ የግብርና ማቀነባበሪያ ማሽኖች እንዴት እንደሚቆሙ የሚመረምር ሥራ ያስፈልገናል። መስኩ ሩቅ አይደለም፤ ከቡታጅራ እስከ ቆሼ ባሉት ወፍጮ ቤቶችና መጋዘኖች ውስጥ ይገኛል። መለኪያውም ውድ አይደለም። የሚያስፈልገው ከ«ይሠራል ወይ?» ቀጥሎ «እንዴት ይቆማል?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው።